የመቶ ሩፒ ድልድይ

የክልሉ በጀት በሚነበብበት ቀን ሻይ ቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። ሌላ ጊዜ ዱቤያቸውን ላለመክፈል በጓሮ የሚዞሩ ሰዎች እንኳ ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ለመቀመጥ ይጋፋሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ስለ ገቢ፣ ስለ ብድርና ስለ ጉድለት ሲያነቡ ማንም ጆሮ አይሰጥም። ሁሉም የሚጠብቀው የሰፈሩን ስም ነው። ደሴታችን ካይታቱራ ዙሪያዋን በውሃ ስለተከበበች ታማሚም በጀልባ፣ ሙሽራም በጀልባ፣ ሬሳም በጀልባ ነው። አባቶቻችን ድልድይ፣ ድልድይ እንዳሉ ሞተዋል።

ያን ዓመት ሚኒስትሩ ውሃ ተጎነጩና “የካይታቱራ ድልድይ” አሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ርችቱ ተተኮሰ፤ እኔም ሞኟ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ጣፋጭ ሩዝ ለሰፈሩ በነፃ አደልኩ። የሁሉም ደስታ አንድ ላይ ቢደመር ግን የወንድሜን የዲቫካራንን አያህልም። ዳክዬ ሲያረባ ያረጀ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያስብ ሰው ነበር። ያን ቀን አንደበቱ ተፈታ።

“ቫሳንቲ፣ እንግዲህ መኪና ደጄ ድረስ ሊመጣ ነው!” አለኝ።

“መኪና አለህ እንዴ ጋሼ?”

“እኔ ባይኖረኝ አማቼ ይኖረዋል።”

ይሄኔ ነው ልቤ ደንገጥ ያለው። አማቹ ማን እንደሚሆን ደሴቲቱ በሙሉ ታውቃለች። ማኒላል ነው፣ የጀልባ አናጢው። የዲቫካራን አንድያ ልጅ ሻይላጃ ሕፃናት ታስተምራለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷንም የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከማኒላል ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዋደዳሉ። እኛም አይተን እንዳላየን ሆነን ሽማግሌ የሚመጣበትን ቀን ስንጠብቅ ነበር። ዲቫካራን ራሱ ከወር በፊት “ጨዋ ልጅ ነው” ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

እሑድ ዕለት ልጄ አኒሽ መጣ። ዋና ከተማው ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የበጀቱን መጽሐፍ ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይዞ ነበር።

“አጎቴ፣ ቀስ በል። ለድልድዩ የተያዘው መቶ ሩፒ ነው” አለው።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። “መቶ ሩፒ? በመቶ ሩፒማ የእናትህም ሻይ ይህን ሁሉ ሰው አያዳርስም!” አለ አንዱ።

“አትሳቁ። መቶዋ ሩፒ የምትጻፈው የሥራው ስም መጽሐፉ ውስጥ እንዲገባ ብቻ ነው። በዓመቱ ውስጥ ገንዘብ ከተገኘ ሥራው ይፈቀዳል፣ ካልተገኘ በዚያው ይቀራል። መንግሥት ከሚያገኘው አብዛኛውን ደሞዝ፣ ጡረታና የብድር ወለድ ይበላዋል። በተረፈችው ላይ ሁሉም ይሻማል። ሚኒስትሩ ደግሞ ማንንም ማስቀየም ስለማይፈልጉ ለየሰፈሩ መቶ መቶ ሩፒ ያዙለት።”

ዲቫካራን ስልኩን ቀማው። መነጽሩን አስተካክሎ ገጹን አየና ፈገግ አለ።

“አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ ዓይንህን አጠፋው እንዴ? መንግሥት እንደ እናትህ በሩፒ ይቆጥራል? መንግሥት የሚቆጥረው በላክ ነው! አንድ ላክ መቶ ሺህ፤ መቶ ላክ አሥር ሚሊዮን! ለመሠረቱ ይበቃል።”

“አጎቴ፣ በላክ የተጻፈው ሌላው ሠንጠረዥ ነው…”

“ወግድ! ደስታ አትወድም አንተ።”

ክፋቱ ሌሎቹ ሠንጠረዦች እውነትም በላክ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ከዲቫካራን ጋር ወገነ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄው ነው። እኔ ልጄን አመንኩት፤ ግን አንዲት ሴትና አንድ ወጣት ከደሴት ሙሉ ሰው ጋር ተከራክረው መቼ ይረታሉ?

ወሩ ሳያልቅ ማኒላል ከእናቱ ጋር ሙዝና ጣፋጭ ይዞ ሻይላጃን ለትዳር ሊጠይቅ መጣ። ዲቫካራን በክብር ተቀበላቸው።

“ልጄ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም። ግን ድልድዩ ሲያልቅ ጀልባ የሚያሠራ ማን ነው? የጀልባ አናጢ ያኔ ምን በልቶ ምን ሊያበላት ነው?” አለው።

እናቱ ብድግ አሉ። ማኒላል እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

“ይሁን አባቴ። ድልድዩ ከተጀመረ ሌላ ሙያ እማራለሁ። እስከሚቀጥለው በጀት አንድ ምሰሶ እንኳ ካልተተከለ ግን ይስጡኝ።”

“ቃሌ ነው” አለ ዲቫካራን።

ሲሄዱ አላስቻለኝም። “ጋሼ፣ ያልተሠራ ድልድይ ላይ ቆመህ ሰው ትገፋለህ?” አልኩት። ወደ ዳክዬዎቹ ወጣ።

በዓመቱ ውስጥ መሐንዲሶች አንዴ መጡ። ዳርቻውን ለክተው፣ ችካል ተክለው፣ እኔ ጋ ዓሣ በልተው ሄዱ። ዲቫካራን ችካሎቹን ዳክዬ እንዳይነካቸው አጥር ሠራላቸው። እንደ ሰው መቃብር ይጎበኛቸው ነበር።

ሁለተኛው በጀት ሲነበብም ስማችን ተጠራ። አሁንም መቶ።

“ሌላ መቶ ላክ ተጨመረ! ካምናው ጋር ሁለት መቶ ደረሰ!” ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

አኒሽ በስልክ ለመነው። “አጎቴ፣ ያልወጣ ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ ይሰረዛል እንጂ አይጠራቀምም። ደግሞም ሩፒ ነው ያልኩህ፣ ሩፒ!”

ማኒላል ሲመጣ ዲቫካራን አንድ ዓመት ጨምር አለው። ምሰሶ አልተተከለም፣ ቃልዎ የት አለ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ክረምቱ ሲያበቃ ከማዶ ሴት አገባ። የሠርጉ ጀልባዎች በሻይ ቤቴ ፊት አለፉ፤ ሁሉንም የሠራቸው እሱ ነበር። ሻይላጃ ያን ቀን ተማሪዎቿን ፊደል ስታስቆጥር ዋለች። ድምፅዋ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ወንድሜን በልቤ ረገምኩት።

በሦስተኛው ዓመት ሚኒስትሩ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ስማችን የለም። ሰዉ አንድ በአንድ ሒሳቡን እየከፈለ ወጣ። ዲቫካራን ብቻ ቀረ፤ ቴሌቪዥኑ ስለ ቀረጥ ሲያወራ ዝም ብሎ ያያል። ሻይላጃ ምሳ ቀዝቅዟል ልትለው መጣች። ፊቱን ስታይ አጠገቡ ተቀመጠች።

“በደልኩሽ ልጄ። ትዳርሽን በመቶ ሩፒ ሸጥኩት” አላት።

እኔም ባለፉት ዓመታት ያጠራቀምኩትን ስድብ ላወርድበት አፌን ስከፍት ሻይላጃ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

“ተይው አክስቴ። አባዬ፣ ይህን ለብቻህ አትሸከመው። ማኒላል መጀመሪያ እኛ ቤት የመጣ ሳምንት፣ ‘አባትሽ እምቢ ካለ እኛው መዝገብ ቤት ሄደን እንፈራረም’ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ ነበር።”

ዲቫካራን ቀና አለ። “እኔን ላለማስቀየም ተውሽዋ፤ አስቀረሁሽ ማለት ነው።”

“አንተ አላስቀረኸኝም። አኒሽ መቶ ሩፒ ነው ሲል ሰምቻለሁ። ማኒላልም አምኖታል። የለም፣ ላክ ነው ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በሠርጌ ቀን አንተ ከጎኔ በእግርህ እየሄድክ፣ ተማሪዎቼ እየዘፈኑ፣ ድልድዩን እንድንሻገር ፈለግኩ። እንደ እናቴ በዝናብ፣ በጀልባ ጉልበቴን አቅፌ መዳር አልፈለግኩም።”

“እሱ ምን አለሽ?” አልኳት።

ሻይላጃ የአባቷን እጅ ይዛ መሬት መሬት አየች።

“‘የምትፈልጊው እኔን ነው ወይስ ድልድዩን?’ አለኝ። ሁለታችሁንም አልኩት።”