ሳይታከክ የዳነ ገላ

ቄስ ወልደ ሰንበት ፍትሐት ላይ ቆይተው ስብሰባ ቢያረፍዱ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «አብዮቱን ንቀዋል» ብሎ መጋዘን ውስጥ ዘጋባቸው። ሰንብተው ሲፈቱ ጋቢያቸው ትኋን፣ ገላቸው የተደረደረ ቀይ እብጠት ይዞ ገነተ ማርያም ቤታቸው ገቡ። ጋቢውን መደቡ ላይ ጥለው ቁጭ አሉ።

ኅዳር ጽዮን አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ግድ ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ በደብሩ የቀሩት ቄሶች እሳቸውና ሽማግሌው መምሬ ሰጠኝ ብቻ ነበሩ። ከገላው ደም የወጣ ቄስ መቅደስ አይገባም፤ ጠብታም ብትሆን ያው ደም ናት። ካከኩ ይደማሉ፣ ከደሙ የማርያም ቅዳሴ ይታጎላል። ይህን እያወቁ እንኳ ጣታቸው አላርፍ አለ። ማሳከኩስ የጤና አይደለም፤ ጸሎት ከመሐል ያስቆማል።

ሚስታቸው ወለተ ሐና ግን አልደነገጠችም። ያደገችው ላሊበላ፣ እናቷ የገና እንግዳ በሚያሳድሩበት ቤት ነውና ትኋንን እንደ ጎረቤት ታውቀዋለች።

«እሳት ዳር ሞቅ ባደርገውስ?» አሏት።

«ሲሞቅ ይብሳል መምሬ። ይልቅ እጅዎን ያምጡ።»

ጥፍራቸውን በምላጭ ከረከመችላቸው። ገላቸውን በሳሙና አጥባ፣ በምንጭ ውሃ የነከረችውን ጨርቅ ደረበችባቸው፤ ሲበላቸው ይጫኑታል እንጂ አያኩም። ጋቢውን ቀቀለችው። ከዚያም ከግድግዳው አርቃ፣ ቤቱ መሐል ቁርበት አንጥፋ አስተኛቻቸው፤ እሷ መደቡ ላይ ቀረች።

«አንቺስ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ።»

ቄሱ በየማለዳው በር ላይ ቆመው ክንዳቸውን ያዩ ጀመር። እብጠቱ ጎደለ። ቀዩ ጠቆረ፣ እየዋለ እያደረም ምስር የምታህል ጥላ ብቻ ሆነ። ማንም መድኃኒት አልቀባው። ዕድሜ ልካቸውን ለብሰውት የኖሩትን ቆዳ ለካ አይተውት አያውቁም። «ተወኝ ብቻ ነው ያለኝ፤ ተውኩት፣ ዳነ» አሉ ለራሳቸው። የደብራቸውን ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ታላቅ አለት ፈልፍለው ያወጡትን አባቶች ሲያስቡ የሚይዛቸው ፍርሃት፣ አሁን የገዛ ክንዳቸውን ሲያዩ ያዛቸው።

በበዓሉ ማለዳ መምሬ ሰጠኝ ክንዳቸውን ገልብጠው መረመሩ። «ንጹሕ ነው፤ ይግቡ» አሏቸው። ገቡ፣ ቀደሱ፤ ቅዳሴውም ሳይታጎል ተፈጸመ።

መስቀል ሊያሳልሙ ሲወጡ ወለተ ሐናን ከሴቶቹ መሐል አጧት። ያገኟት ውጭ፣ ከአለቱ ዓምድ ተጠግታ፣ ነጠላዋን እስከ ጣቷ ስባ ነው።

«ምነው ሳትገቢ?»

ነጠላዋን ይበልጥ ሳበችው። ነጠላውን ገለጥ ቢያደርጉት ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተነክሷል፣ ታኳል፣ ደምቷል።

«ጋቢውን የጣሉ ዕለት ትኋኖቹ መደቡ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚያ የሚበሉት ሰው ካጡ ወደ እርስዎ ይመጣሉ። መበላቱንስ ቻልኩት፤ አለማከኩ ነው ያቃተኝ።»

ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀሉን እንዳነሱ ቀሩ። ግንባሯን አሳለሟት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የቆሰለውን ክንዷን በመስቀሉ ዳሰሱት።

ቤት እንደደረሱ ሳሙናውንና ምላጩን አወጡ። ውሃ ግን አልነበረም። የበዓሉ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቄሱ የሚስታቸውን እንስራ አዝለው ወደ ምንጩ ወረዱ።