ሉፉኖ ስታነብ

ሉፉኖ የመጨረሻውን መስመር አንብባ መጽሐፉን ስትከድን፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ራቬሌ የክፍሉን በር ተደግፈው ፈገግ ብለው ነበር። በዚያ የደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ገጠር ትምህርት ሁሉ እስከ ሦስተኛ ክፍል በአገሬው ቋንቋ በቬንዳ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግሊዝኛን እንዲህ እንደ ውሃ የምታንቆረቁር የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

«ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሯ ሲመጡ ይህችኑ አስነብቢያት» አሏት መምህርት ሙዎፌን። «ሌላ ነገር አታብዢ። ቬንዳ ሲነገር ደግሞ እንዳልሰማ።»

«እሺ» አለች ሙዎፌ፤ ልቧ ግን አልረጋም። ትናንት ሉፉኖን በእንግሊዝኛ «መስኮቱን ዝጊው» ብትላት፣ ልጅቱ «የስ፣ ቲቸር» ብላ እዚያው ቁጭ እንዳለች ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንደ እሾህ ይወጋት ጀመር። ለመጠየቅ ግን ፈራች። የሉፉኖ ንባብ የእሷም ስም ነው፤ ኮንትራቷ የሚታደሰውም በአቶ ራቬሌ ፊርማ ነው።

የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር ሱፐርቫይዘሯ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሉፉኖ ተነሥታ አነበበች። ታሪኩ ጎርፍ ስለወሰዳት ፍየልና እሷን ለማዳን ውሃ ውስጥ ስለገባ ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ በሚሰጥምበት ቦታ እንኳ ሉፉኖ ፈገግ እንዳለች ነበረች፤ ድምጿ የሠርግ ዘፈን ይመስል ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ።

ሙዎፌ ማጨብጨብ አቃታት። የአቶ ራቬሌ ዓይን «በቃ» እያላት፣ ወደ ሉፉኖ ሄዳ በቬንዳ ጠየቀቻት።

«ሉፉኖዬ፣ ልጁ ምን ሆነ?»

«የቱ ልጅ፣ ቲቸር?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አቶ ራቬሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙዎፌ ግን ተንበርክካ ታሪኩን በቬንዳ ነገረቻት፤ ፍየሏን፣ የሞላውን ወንዝ፣ ዳር ቆማ የወንድሟን ስም የምትጠራውን እህት። የሳቀውም ልጅ አንገቱን አስግጎ ያዳምጥ ጀመር። ሁሉም ታሪኩን ገና አሁን መስማታቸው ነበር።

የሉፉኖ ፊት ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«እኔ እየሳቅሁ ሳነብ እሱ እየሞተ ነበር?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

አቶ ራቬሌ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ዘንበል ብለው «ዛሬ ትንሽ አሟት ነው» ማለት ሲጀምሩ፣ ሴትዮዋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ለደግ ይሁን ለክፉ ከፊታቸው አይነበብም።

ሉፉኖ መጽሐፉን እንደገና ገለጠች። ጣቷን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈች።

«ይቺ የቷ ናት፣ ቲቸር? ፍየሏ ናት ወይስ ወንዙ?»

ሙዎፌ ወደ ኋላ ሳትዞር አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ወንዙ ነው» አለቻት።

የሉፉኖ ጣት ቀስ ብሎ ተሳበና በሚቀጥለው ቃል ላይ ቆመ።