ሰባቱ አማልክት የሄዱበት ድግስ

ሰኞ ጠዋት ሰባቱም አማልክት ከሥዕሎቻቸው ወጥተው ሄደው ነበር።

ሠዓሊዋ ምንትዋብ ይህን ያወቀችው ቁርሷን በልታ ወደ ሥራ ክፍሏ ስትገባ ነው። የዜውስ ዙፋን ባዶ ነው፤ ትራሱ ብቻ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። የፖሰይዶን ባሕር አለ፤ ፖሰይዶን የለም። ቀለሙ ለቆ እንደሆነ ብላ ሸራውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ደረቅ ነው። ከግሪኮች ተረት እየተነሣች እነዚህን ሰባት ሥዕሎች ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ በሃምሳ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያዋ የሆነው ኤግዚቢሽን ደግሞ ቅዳሜ ይከፈታል።

ወለሉ ላይ ሰማያዊ የእግር ዱካ አየችና ተከተለችው። ዱካው ግቢዋን አቋርጦ፣ የከዚራ ሰፈርን ጥላማ መንገድ ተሻግሮ፣ የጎረቤቷ የእትዬ አሰገደች ድንኳን ውስጥ ገባ። እትዬ አሰገደች ትናንት ልጃቸውን ድረዋል፤ ዛሬ መልስ ነው።

አማልክቱ እየበሉ ነበር። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት ዘመዶች መስለውት፣ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው መስለውት፣ ሁለቱም አክብረው ጥሩ ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ፖሰይዶን እንግዶችን እጅ ያስታጥባል፤ ማንቆርቆሪያው ከጠዋት ጀምሮ አልጎደለም። ሄርሜስ መሬት ሳይረግጥ ሳህን ያመላልሳል። እትዬ አሰገደች እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ሰው በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ለምንትዋብ ነገሯት።

ምንትዋብ ሄዳ ዜውስ አጠገብ ተቀመጠች። እሱም ጥሬ ሥጋውን አዋዜ እያስነካ ነገሩን በእርጋታ አስረዳት። ኢትዮጵያ ድግስ መምጣት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ከመጡ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ይቆያሉ። ለረቡዕም እታች ሰፈር ክርስትና ተጠርተዋል።

«ቅዳሜ ኤግዚቢሽን አለብኝ» አለችው።

«ቅዳሜ ስድስተኛ ቀናችን ነው።»

«ሰው የሚመጣው እናንተን ሊያይ እኮ ነው።»

ዜውስ ጠቅልሎ አጎረሳትና እስክትውጥ ጠበቃት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሥይን፣ አንድ ቀን እንኳ በልታችኋል ወይ አላልሽንም» አላት።

ምንትዋብ አሰበችው። መብረቁን፣ ማዕበሉን፣ ክንፉንና ጋሻውን አንድ በአንድ ተጠንቅቃ ሥላለች። የሚበላ ነገር ግን ፍርፋሪ እንኳ አልሣለችም። ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

ቤቷ ተመልሳ ሰባቱን ሸራዎች ግድግዳው ሥር ደረደረችና ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ አንድ ረጅም ገበታ መሣል ጀመረች። ማክሰኞ ዶሮውን፣ ረቡዕ ክትፎውንና አይቡን ጨረሰች። ሐሙስ ዕለት እትዬ አሰገደች መጥተው አዩትና፣ ወጡ ገና መሆኑን፣ ሽንኩርቱም እንዳልበሰለ ነገሯት። ምንትዋብ እስከ ማታ ድረስ በብሩሽ አቁላላችው። ቤቱ በወጥ ሽታ ታወደ።

ዓርብ ከሰዓት ሄርሜስ ብቻውን መጥቶ አየና ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ሰባቱም በየቦታቸው ተቀምጠው ነበር። የዜውስ ጢም ላይ አዋዜ ነበረበት፤ ምንትዋብ አልጠረገችውም።

አዳራሹ በሰው ሞላ። ተመልካቹ ሥዕሎቹ ፊት ቆሞ ምራቁን ይውጣል። እትዬ አሰገደች ለሚያገኙት ሰው ሁሉ እነዚህ የእሳቸው እንግዶች እንደነበሩ ይናገራሉ። ምንትዋብ ከደስታዋ ብዛት መቀመጥ እንኳ ረሳች።

አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጋዜጠኛ ለቃለ መጠይቅ ወደ በሩ ጠራት። ሩብ ሰዓት ያህል አነጋገራት። ስትመለስ አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ከሰባቱ ሥዕሎች ሥር የወንድ፣ የሴትና የሕፃን ጫማዎች፣ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብላ አንዱ ውስጥ እጇን አስገባች። ገና ይሞቃል። ከሸራዎቹ ውስጥ የብዙ ሰው ጨዋታና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ማሰሪያው ቀስ እያለ በራሱ ይፈታ ነበር።