አንድ ዓመት ከአንድ ቀን

ግዛው ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የመርሻን ልጅ ሶፎንያስን ብድግ አድርጎ፣ "የክርስትና ልጄ!" እያለ ቤቱን የሚያሞቀው እሱ ነበር። ዛሬ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የመርሻ ሚስት ሩሐማ ሰላም ሳትለው ልጇን ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

"ነገ ነው አይደል?" አለ ግዛው።

"ነገ ጠዋት። በዙም ነው" አለ መርሻ።

"ፍርዱ በዙም፣ እስሩ በአካል! ጉድ እኮ ነው።" ብቻውን ሳቀ።

መርሻ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካለ ካዚኖ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። አምና ወረርሽኙ ካዚኖውን ሲያዘጋው ከሥራ ወጣ። ግዛው ጥቁር ቦርሳ ያመጣው ያን ሰሞን ነው። "እኔ ቤት ሰው በዝቷል፤ አደራ አስቀምጥልኝ" አለው። አበልጅ አደራ ሲል ምን አለበት ተብሎ አይጠየቅም። መርሻም ሳይጠይቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ኪራይ ሲያፋጥጠው ግን ከፈተው። ሙሉ የመቶ ዶላር ኖት ነበር። "ሥራ ስጀምር እተካዋለሁ" ብሎ ጥቂት መዘዘ። የመጀመሪያውን ኖት የግሮሰሪ ካሸር ብርሃን ላይ አየት አድርጋ መለሰችለት። ፎርጅድ መሆኑ ያኔ ገባው። የሚያናድደው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ቦርሳውን እንዳይመልስ አደራ መክፈቱ ሊታወቅ ነው፤ አፈረ። አፍሮም ሁለተኛውን ሌላ ሱቅ ወሰደው፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ይሉኝታ ሰው ያሳስራል ቢባል ማን ያምናል? የፌደራል መርማሪዎች ቤቱን ፈትሸው ቦርሳውን ሲያገኙ፣ ሕጉ ሱቅ የወሰደውን ብቻ ሳይሆን የቦርሳውን ሙሉ ገንዘብ እሱ ላይ ደመረበት። መርሻ ጥፋቱን አመነ፤ የግዛውን ስም ግን አላነሳም።

ጠበቃው ትናንት ቁርጡን ነግራዋለች። "ዳኛው እንዲህ ባለ ክስ የሚያዘወትሩት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው። ለዜጋ ቸርነት ነው፤ በመልካም ጠባይ የሚቀነሰው ከዓመት በላይ ለተፈረደበት ነውና። አንተ ግን ፍርድህ ዓመት ከሞላ ግሪን ካርድህ አበቃለት፤ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አገርህ ነው። የቦርሳውን ባለቤት ከነገርከኝ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ከዓመት በታች ልናወርደው እንችላለን። ነገ ከሰዓት እደውልልሃለሁ።"

"ጠበቃህ ምን አለች?" አለ ግዛው።

"ስም አምጣ አለችኝ።"

"እና?"

"እስካሁን አልሰጠሁም።"

"ወንድ ነህ! ዓመት ምን አላት? እንደ ዋዛ ታልፋለች።"

"ግዛው፣ እኔ እኮ ዜጋ አይደለሁም። ያባርሩኛል። ልጄ እዚህ ሊቀር ነው።"

"ክርስትና አባት ያለው ልጅ አባት አጣ አይባልም። እኔ አሳድገዋለሁ።" ግዛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ቦርሳውን ማን ከፈተው? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማህም? ባለፈው ሳምንት ሰው ልኬ ኮምቦልቻ እናትህን አስጠይቄያቸው ነበር። ብቻቸውን ናቸው አሉኝ። አጥሩም ወድቋል አሉ።"

ውጭ የሐምሌ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ መርሻን ግን ብርድ ብርድ አለው። እስከ ዛሬ "ጭንቅ ሲመጣ ግዛው ራሱ ፍርድ ቤት ይቀርብልኛል" እያለ ተስፋ ያደርግ ነበር። አሁን እሱ ገና ሳይሄድ ልጁን የወረሰ፣ የእናቱን ቤት ያሰለለ ሰው ፊት ለፊቱ መቀመጡን አየ። ፈራም፣ ተናደደም።

ስልኩ ጠራ፤ የጠበቃዋ ስም ብልጭ አለ።

"አንሳው" አለ ግዛው። "ስፒከር አድርገውና 'የማውቀው ሰው የለም' በላት። እኔም ልስማ።"

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሩሐማ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ባሏን ትክ ብላ ታየዋለች። መርሻ ስልኩን አንስቶ ስፒከር አደረገው።

"ሄሎ መርሻ፣ ብቻህን ነህ? መነጋገር ትችላለህ?" አለች ጠበቃዋ።

"ብቻዬን አይደለሁም" አላት በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ። "የቦርሳው ባለቤት እዚህ ሶፋዬ ላይ ተቀምጧል። ስሙን ልንገርሽ፤ ጻፊ።"