የወልደ ሩፋኤል ዘር

በ1930 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት አምበር አጠገብ ወዳለ ደብር መጣች። የመጻሕፍቱን ጠባቂ መሪጌታ ፍሥሐን እጅ ስትነሣ፣ የጣልያን ማኅተም ያለበት ወረቀት ከነጠላዋ ጫፍ ወደቀ።

«የይለፍ ወረቀት ነው፤ ያለሱ ከማርቆስ ኬላ አያሳልፉም» ብላ አነሣችው። «የብርጓል እባላለሁ። ልጄ ማሬ ለጥር ልትዳር ነው። ሰባት ቤት ስንቆጥር የእናቴ አያት ወልደ ሩፋኤል ላይ ስንደርስ ጠፋብን። የዚህ አገር ሰው ነበሩ አሉ። ዘራቸውን ይፈልጉልኝ።»

«የሚያገባት ማን ነው?»

የብርጓል ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «እሱን አልናገርም።»

መሪጌታ ጠረጠሩ። የባለርስቶቹ የትውልድ ሐረግ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ተጽፏል። ከወልደ ሩፋኤል ሥር የመጨረሻው ስም ውበቱ ነው፤ ጫካ የገባው አርበኛ። ባንዶች የእሱን ዘመዶች ቤት እየፈለጉ ያቃጥላሉ። በዚህ ዘመን የጣልያን ወረቀት ይዛ ዘር የምትቆጥረውን ሴት ማን ልኳት ይሆን?

«ያ ገጽ የለም፤ አይጥ በልቶታል» አሉ።

ሴትዮዋ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸውና ወጣች። እስከ ወንዙ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት፤ የሚጠብቃት ሰው ግን አላዩም።

ጥር እንደገባ ውበቱ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «ለልጄ ሚስት አጭቼለታለሁ። የማርቆሷ የብርጓል ልጅ ናት። መጥተው ይመርቁልን።»

መሪጌታ ያቺን ሴት አስታወሱ። ወንጌሉን ገልጠው አነበቡለት፤ ሙሽራና ሙሽሪት ወልደ ሩፋኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከአምስት ቤት አያልፍም።

ውበቱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ለእናቲቱ እርስዎ ይንገሩ። እኔ ማርቆስ መግባት አልችልም።»

በማግስቱ መሪጌታ ኬላውን በጎን አሳብረው የብርጓል ቤት ደረሱ። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«ደግሞ እርስዎን ማን ላከዎት? እነ ውበቱ ለልጃቸው ሌላ ሊያጩ አስበው ነው?»

«ማንም አልላከኝ። አይጥ በላው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ለጣልያን የምትሰልዪ መስሎኝ ፈራሁሽ።»

አላመነቻቸውም። ስም በስም ሦስት ጊዜ አስቆጠረቻቸው። እሷ ያልነገረቻቸውን የሴት አያቷን የወለተ ጊዮርጊስን ስም ከአፋቸው ስትሰማ ጊዜ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

ማሬ ከጓዳ ወጣች። «ያን ቀን ነግረዋት ቢሆን የእጮኛዬን መልክ እንኳ ሳላውቅ ይቀር ነበር» አለቻቸው። «ለገና ተደብቆ መጥቶ አየሁት።»

መሪጌታ እጅ ነሥተው ወጡ።

ጋብቻው ቀረ። ለሠርጉ የተጠመቀውን ጠላ ጎረቤት ጠጣው። ማሬ እስከ ፋሲካ ድረስ ከእናቷ ጋር እንኳ በቅጡ አልተነጋገረችም።