ከመስኮቱ ላይ የተቀየረው ብልቃጥ

«ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት፤ ይኸው ተክቼልሻለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

ባልየው ይህን ሲል ዐይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የውሃ ታንከር አጣቢ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አልጌ ሲፍቅ ሃያ ዓመቱ። ሚስቱ የምትማርበት የማታ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር የሰጣትን፣ አልጌ ያለበትን ብልቃጥ መስኮት ላይ ሲያገኘው እጁ አላስቻለውም፤ በክሎሪን አጥቦ አጸዳው። ኋላ ደንግጦ ከአንድ ታንከር አረንጓዴውን ዝቆ ሞላበት።

«የኔ እኮ ቡናማ ነበር» አለች።

«አልጌ አልጌ ነው።»

«አይደለም። ቡናማው ዲያቶም ይባላል፤ መምህሩ እንዳለው ቅርፊቱ እንደ መስታወት ነው። ይኼኛው አረንጓዴው ወገን ነው፤ ከዕፅዋት ጋር የሚዛመደው።»

እሱን የከነከነው ዝምድናው አይደለም፤ «መምህሩ እንዳለው» የምትለዋ ናት። ብልቃጡን በቀን ሦስቴ ፀሐይ ወዳለበት ታዞራለች። እሱ ሳል ይዞት ሳምንት ሲሞላው፣ እስቲ ፀሐይ ይንካህ ያለው የለም።

ቅዳሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሰርጉን ኮት ለብሶ፣ ብልቃጡን ታቅፎ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሩ ሽማግሌ ይሆናል ብሎ ነበር። ያገኘው ግን ጥርሱ በረድ የመሰለ ጎልማሳ ነው።

መምህሩ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ ወስዶ ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጎ «ይዩት» አለው።

አየ። ጠብታው ቀጫጭን ክር ብቻ ነው፤ በየክሩ ውስጥ አረንጓዴ ጥብጣብ ተጠምዝዞ ተኝቷል። ሃያ ዓመት ሲፍቀው አንድ ቀን እንዲህ ያምራል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ይህም አናደደው።

«ሥር የለው፣ ግንድ የለው፣ ቅጠል የለው» አለ መምህሩ። «ግን ብርሃን ካገኘ ምግቡን ራሱ ይሠራል።»

«ሥር ከሌለው ሌላ ሰው በቀላሉ ይወስደዋላ።»

«ሞገድ ይወስደዋል እንጂ ሰው ወስዶ ምን ያደርግበታል?»

ባልየው ኮቱን ቆለፈ፤ ፈታ፤ መልሶ ቆለፈ። ከቤት ሲወጣ ያዘጋጀው ንግግር ረጅም ነበር፤ አሁን ከዚያ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ጥያቄ ናት።

«ጌታዬ፣ ብልቃጡን ለባለቤቴ የሰጧት ለምንድን ነው?»

መምህሩ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይል መለሰ።

«ለሠላሳ ሁለቱም ተማሪዎች ሰጥቻለሁ። ባል አስከትሎ የመጣው ብልቃጥ ግን ይኼ ብቻ ነው።»