መጣ፣ መጣች፣ መጡ

መብራት ከሄደ ቆይቷል። የእትዬ የሻረግ ጁስ ቤት መፍጫ ማንጎውን በሆዱ እንደያዘ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያላሉት ደንበኞቹ ናቸው።

«ካልዶ ነው!» አለ ታምሩ። ስልክ ጠጋኝ ስለሆነ ትንሽ መፍቻ ከእጁ አትለይም፤ አሁን ጠረጴዛውን ይመታባታል። «ሟቹ ባላደራ በእጁ ያሳደገው ማንን ነው? ካልዶን። ሰይፉን የሰጠው ለማን ነው? ለካልዶ። ወራሽ ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

«ሰይፍ ምን ያደርጋል?» አለ ኡመር። ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ነው። «ኮከቡ ሲፈርስ ካልዶ የት ነበረ? ሸሸ። ኢልቃ ግን ብቻውን ቆመ። ወላሂ ብቻውን!»

«ፊቱን እንኳ አይተነው የማናውቀው ሰው?»

«ፊቱን ለምን ፈለግህ? ልታገባው ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዐዋጢፍ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በጀርባው ትገለብጣለች፤ መልሳ ታቃናዋለች። የመጨረሻው ክፍል ጠዋት ደርሷታል። በዚህ ቤት መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የሚከራከሩበት በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ነው። ሠዓሊው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ እየጻፈ በነጻ ይለቀዋል፤ ወደ አማርኛ እንዲመለስም ፈቅዷል። ከዋክብትን የሚጠብቅ አንድ ኃያል አለ፤ ሲሞት ማዕረጉ ለሌላ ያልፋል። ዋናው ኃያል ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ስለሞተ፣ የአሶሳ አንባቢዎች ዓመቱን ሙሉ «ማን ይውረስ?» ሲሉ ከርመዋል።

የቴሌግራም ቻናሉን የከፈተው ምንይችል ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር። ማዕረጉን በአማርኛ ለመሰየም ሲቀመጡ መጀመሪያ «ቃፊር» አለ። ከጦሩ ቀድሞ ጠላትን የሚቃኝ ማለት ነው፣ የሚያምር የጥንት ቃል ነው ብሎ አስረዳ።

«ቲቸር፣ ይህን ቃል እኛ ሰፈር ጮክ ብለህ እንዳትል» አለችው ዐዋጢፍ። «ካፊር፣ ከሃዲ አለኝ ብሎ የሚጣላህ አታጣም።»

«ዘበኛ» ሲሉ ደግሞ ኡመር «የባንክ ነው የመጋዘን?» ብሎ አፈረሰባቸው። በመጨረሻ እሷ፣ «እኛ አማና እንላለን፤ ሰው ሲሄድ ጠብቅልኝ ብሎ የሚተውልህ ነገር» ስትል ምንይችል ከወንበሩ ተነሣ። «አደራ! ባላደራ!» ቃሉ በዚያው ጸና።

ዐዋጢፍ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አስተርጓሚ ናት። በርታው፣ ዐረብኛውና እንግሊዝኛው አይቸግራትም። አማርኛን ግን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ስትጽፍ ትጠነቀቃለች፣ ስትቸኩል «እናቴ መጣ» ትላለች። ስለዚህ እሷ ትተረጉማለች፣ ምንይችል ያርማል። ጽሑፉን ከሥዕሉ በታች ያሰፍሩና ግርጌው ላይ የሁለቱንም ስም ያኖራሉ።

ክፍል አራት ላይ ግን አንድ ስሕተት ተፈጠረ። ኢልቃ የተባለው ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚለው እዚያ ነው፤ ፊትን የሚሸፍን የራስ ቁር ያደረገ፣ ድምፁ የማይሰማ አብራሪ። አንድ አዛዥ ወታደሩን «ተዋት!» ብሎ ይጮኽበታል። በእንግሊዝኛው ኢልቃ ሴት መሆኗን የምትናገረው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች። ዐዋጢፍ እንዳለች ጻፈቻት። ምንይችል «ተወው» ብሎ አረመና «ጾታ ላይ ተጠንቀቂ» የሚል ማስታወሻ ከሳቅ ምልክት ጋር ላከላት።

ልትከራከር ነበር። ግን ከዚያ በፊት ያረመላት ሁሉ ትክክል ነበር። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ከኢልቃ ጀርባ የጠፈር መርከብ ቆማለች፤ እንግሊዝኛ መርከብንም በሴት ይጠራል፤ ምናልባት መርከቧን ማለቱ ይሆናል አለች ለራሷ፣ ተወችው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው ኢልቃን በስም ብቻ እየጠራ አለፈ። አማርኛ ግን ያለ ጾታ አንድ እርምጃ አያስኬድም። ኢልቃ መጣ፣ ኢልቃ ተዋጋ፣ ኢልቃ ቆሰለ፤ ክፍል በክፍል ወንድ ሆኖ ጎለመሰ።

ጠዋት የደረሳት የመጨረሻው ገጽ ላይም ፊት አይታይም። የራስ ቁሩ መስተዋት ላይ ከዋክብት ተንጸባርቀዋል፤ ከሥሩ «እሷ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ያለባት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ኢልቃ መጣች፤ ባላደራዋ መጣች።

«ዐዋጢፍ፣ እህቴ» አለ ኡመር ወደ ጥጓ ዞሮ። «ደርሶሻል አይደል? አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ። ኢልቃ ነው?»

«ነገ ትሰማለህ።»

«እሷን ነው የምትጠይቀው?» አለ ታምሩ። «እሷ ዘንድ ሁሉም ወንድ ነው፤ መርከቧንም አባዬ ነው የምትላት። ይልቅ ቲቸር ሲሄድ ቻናሉን ለእሷ ሊተው ነው አሉ። ከዚያማ ሚስቴ መጣ፣ ባሌ ሄደች እያልን ልንከርም ነው!»

እንደገና ሳቁ። ታምሩ ወዲያው «ቀልዴን ነው እኮ፣ ዐዋጢፍ» አላት። ቀልዱን መሆኑን ታውቃለች። ቀልዱ ግን ነገ ምን እንደሚሆንም ታውቃለች። ምንይችል ወደ ግልገል በለስ ተዛውሯል፤ እሑድ ይሄዳል፤ ቻናሉን ነገ፣ ቅዳሜ፣ ሊያስረክባት ቃል ገብቷል። ታምሩ ግን «ተረካቢውን አንባቢው ይምረጥ» እያለ ነው። በአማርኛ የጻፈችው ነገር ከስሟ ጋር የሚነበበው እዚያ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኢልቃን ወንድ ያደረገችው እሷ ናት ከተባለ፣ ማን ይመርጣታል?

«አንቱ ኡመር!» አለች እትዬ የሻረግ ከባንኮኒው ኋላ። የወሎ ሠፋሪ ናት፤ ስትቆጣ ሰውን ሁሉ አንቱ ትላለች። «ባጃጅዎን ከበሬ ላይ ያንሡልኝ፤ ሰው በምን በኩል ይግባ?»

ኡመር እየሳቀ ሲወጣ ምንይችል ገባ። ዐዋጢፍ ሰላምታውን ሳትጨርስ ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ፣ ወደ ማንጎው ዛፍ ሥር አወጣችው።

«ቲቸር፣ ኢልቃ ሴት ነው።»

«ናት» አለ ከልምድ። ከዚያ ቆመ። «ምን አልሽ?»

ስልኩን ሰጠችው። ገጹን በሁለት ጣቱ አሰፋው፣ አጠበበው፣ እንደገና አሰፋው።

«ክፍል አራት ላይ ተዋት ብዬ ነበር» አለች።

«እኔ ደግሞ...»

«አንተ ተወው አልክ።»

ስልኩን መለሰላት። ከውስጥ የእትዬ የሻረግ ድምፅ ተሰማ፤ አሁን ደግሞ ታምሩን ነው፤ «አንቱ፣ ጠረጴዛዬን አይደብድቡብኝ!» ምንይችል ቀና አለ።

«አንቱታ» አለ። «ለምን አንቱ አንላቸውም? ኢልቃ መጡ፤ ባላደራው መጡ... አይ፣ ባላደራ መጡ። ይህን የሚያህል ማዕረግ የያዘ ሰው እኮ አንተም አንቺም አይባልም። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ። መጡ ብለን እንዘጋዋለን። ማንም አይጠይቅም።»

«ውሸት አይደለም?»

«አክብሮት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተመልከች፣ እኔ እሑድ እሄዳለሁ፤ ቢስቁብኝም መንገድ ላይ ነኝ። አንቺን ግን አይለቁሽም። ያረምኩት እኔ ነኝ ብልም ሊሸፍንላት ነው ይሉኛል። ለአንቺው ብዬ ነው።»

ያለው እውነት ነበር። ሲናገረው ግን ዐይኑ ጫማው ላይ ነበር።

በማግስቱ ጾሬ ላይ ሥራው በዛ። ድንበር አቋርጣ የመጣች አንዲት ሴት ወንድሟን ትፈልጋለች፤ መዝጋቢው ይጠይቃል፤ ዐዋጢፍ መሐል ተቀምጣ «እኔ ከወንድሜ የተለየሁት ገበያው ሲበተን ነው» ትላለች። አስተርጓሚ ሁልጊዜ «እኔ» ነው የሚለው። «እኔ» ጾታ የለውም፤ በእሱ ተሳስታ አታውቅም። ሴትዮዋ አመስግናት ስትነሣ ዐዋጢፍ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር፤ ምላሹን ሳትሰጥ ቀርታ ነበርና ተከትላ በሩ ላይ ደረሰችባት።

ወደ አሶሳ ስትመለስ፣ መኪናው በጉድጓዱ እየነጠረ፣ «ኢልቃ መጡ» ብላ ጻፈች። በሹክሹክታ አነበበችው። ስብሰባ የመጡ እንግዳ መሰሏት፤ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። የሚከራከር አይኖርም። ያላስቀመጣት ይኸው ነበር። ኡመር ባጃጁን አቁሞ የተሟገተለት፣ ታምሩ ጠረጴዛ የደበደበበት ነገር በአንድ ትሕትና ይዳፈናል። ቻናሉም የእሷ ይሆናል፤ ግን ከአፏ ወጥቶ በማያውቅ ቃል። አንቱታ እስካሁን አልሆነላትም፤ ምንይችልን ራሱን አንተ ነው የምትለው።

አጠፋችው። «መጣች» ብላ ጻፈች። የታምሩ ሳቅ ተሰማት፤ አጠፋችው። ሾፌሩ «ደርሰናል፣ ዐዋጢፍ» ሲላት ስልኩ ላይ የቀረው «ኢልቃ መ» ብቻ ነበር።

ጁስ ቤቱ ሞልቷል። መብራትም አለ፤ እትዬ የሻረግ ግን መፍጫው ድምፁን እንዳይሰርቅ ብላ አጥፍታዋለች። አዲስ ክፍል ሁልጊዜ መጀመሪያ እዚህ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ፊደሉን ቀስ ብሎ የሚያነብ አለ፣ እንደ ኡመር ደግሞ መስማት የሚወድ አለ። ከዚያ ወደ ቻናሉ ይገባል። ምንይችል በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ በዐይኑ ጠየቃት። ዐይኗን ስልኳ ላይ ተከለች።

አነበበች። ካልዶ ሰይፉን አንሥቶ ወደ ባላደራው ዙፋን ሲገሠግሥ ታምሩ «በል!» አለ። ሰይፉ ሲሰበር ኡመር በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች።

«ኢልቃ መጣች» አለች። «ባላደራዋ መጣች።»

ወዲያው ሳቁ ፈነዳ።

«መጣች?» አለ ታምሩ። «ዐዋጢፍ፣ ዛሬ እንኳ! በመጨረሻው ቀን!»

«መጣች።»

«ቲቸር፣ አርማት እንጂ!»

ሁሉም ወደ ምንይችል ዞሩ። አንድ ሰው መጽሐፍ እስኪገልጥ እንደሚጠበቅ ጠበቁት። ምንይችል የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው።

«የሚታረም የለውም» አለ።

«እንዴት?»

«ኢልቃ ሴት ናት። ዐዋጢፍ ትክክል ናት።»

እዚያ ላይ ቢቆም ይበቃ ነበር፤ ዐዋጢፍ ግን ልትተወው አልቻለችም። «እዚህ የሚታረም የለም» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ክፍል አራት ላይ ግን አለ። እኔ ተዋት ብዬ ጽፌ ነበር። ቲቸር ተወው አደረገው። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁላችሁም ወንድ ናት ብላችሁ...»

«ነው ብላችሁ» አለ ታምሩ፤ ግን ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም።

«እውነቷን ነው» አለ ምንይችል። ፊቱ ቀልቷል። «ተሳስታለች ብዬ ነው። ዋናውን አልተመለከትኩም። እሷ ከሆነች የጻፈችው፣ ስሕተት ይሆናል አልኩ።»

ይህን ለማለት እሱ የቸገረውን ያህል፣ ሌሎቹም ለመስማት የተቸገሩ ይመስሉ ነበር። እትዬ የሻረግ ብርጭቆ ታብስ የነበረበትን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ቀድሞ የተናገረው ኡመር ነው። የባጃጁን ቁልፍ ወደ ላይ ወርውሮ ቀለበ። «እሺ! እሷ ባላደራ ነው! እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ? እሷ ጠንካራ ነው፤ ወላሂ አልለቅም!»

«ነው ወይስ ናት?» አለ ታምሩ።

«ሁለቱም! አንተ ካልዶህን ቅበር።»

«ቆይ፣ ሴት ከሆነችማ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ኮከቡ ሲፈርስ ብቻዋን የቆመችው...» ታምሩ መፍቻውን አስቀመጠ። ራሱን እየነቀነቀ ስልኩ ላይ ገጾቹን ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር፤ ክፍል ሠላሳ፣ ክፍል ሃያ። ሌሎቹም ስልኮቻቸውን አወጡ።

የዐዋጢፍ ስልክ ነዘረ። «የዚህ ቻናል ባለቤት ሆነዋል» ይላል። ሆነዋል። ምንይችል ስልኩን ኪሱ ሲከት አየችው። ታምሩም ይህን አይቶ ገባው፤ ቀና ብሎ ተመለከታት፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ገጹ ተመለሰ።

የመጨረሻውን ክፍል ቻናሉ ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ ክፍል አራት ሄደች። አዛዡ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ከኋላው ኢልቃና መርከቧ ቆመዋል። «ተወው» የሚለውን አጥፍታ «ተዋት» ብላ ጻፈችና አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ያሉት መጣዎች፣ ሄደዎች፣ ቆሰለዎች ሁሉ ታይተዋት ደከማት። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«አይ፣ አይ፣ አይ!» አለ ታምሩ ከወዲያ በኩል። ለውጡ ደርሶታል። «ተዋት እዚህ ላይ ኢልቃን አይደለም! ሥዕሉን እዩት፤ የወታደሩ እጅ ያለው መርከቧ ላይ ነው። መርከቧን ተዋት ነው ያለው!»

«መርከብ ምን አድርጋ?» አለ ኡመር እየተነሣ።

እትዬ የሻረግ መፍጫውን አስነሣች። ዐዋጢፍ በጩኸቱ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «መርከቧን አይደለም!» አለች። «እጁን በደንብ እየው፣ ታምሩ!»